ለሙከራ የተቀዳ

ከታይዋን ገበያ፣ ከአሮጌ ዕቃ ክምር፣
በሁለት መቶ ብር፣
አንድ የብስኩት ቆርቆሮ ይዤ ሳቢያን ገባሁ፤
የዛገ ክዳኑን በቢላ ፈልቅቄ አነሳሁ።
ሦስት ጥቅል ቴፕ ነበር፣ ኮምጣጤ ኮምጣጤ የሚሸት፣
ወረቀት የተለጠፈበት፤
አንዱ «ቫዮሊን፣ ማዳም ሲራኑሽ» ይላል፣
ሌላው «በገና»፤ የሦስተኛው ተልጧል።

ከአልጋ ሥር ለከረመው ማጫወቻ ቀበቶ ቆረጥኩለት ከብስክሌት ጎማ፤
አምፖሉ ቦግ አለ፤ ዞረ፤ ጆሮዬም ሰማ።

ቀድሞ የመጣው ዜማ እንዳይመስላችሁ፤
«ቬንትሌተር አጥፉ! ደጁን ዝጉ፣ እባካችሁ!»
የሚል ወፍራም ድምፅ ነው፣ አማርኛው የተሰበረ፣
ክዳኑ ውስጥ በምስማር «ሙሴ ኦኒክ» ብሎ የጫረ።
ከዚያ ሙቀት ይሰማል። የድሬ ሙቀት ድምፅ አለው፦
ላብ ያጣበቀው ልብስ ከወንበር ቆዳ ሲላቀቅ ጠረረር የሚለው።
አንድ ዝንብ፤ አንድ ሳል፤ ከከዚራ ዛፎች የቁራ ጭቅጭቅ፤
ማዳም ሲራኑሽ ክሯን ስትወጥር፣ ሲረግብባት፣ ስትወጥር፣ ስትሥቅ።
በዚህ አገር ሙቀት ጅማት ቃሉን አይጠብቅም።
ብቻዋን ነው የምትጫወተው፤ አጃቢ የላትም።
ያልተጫወተችው ግን እንደ ደቻቱ ውሃ ከአሸዋው ሥር ይሄዳል፤
ጆሮ ነው የሚቆፍረው፤ ቆፍሮ ይቀዳል።

ሁለተኛው ጥቅል። ሙሴ ያስተዋውቃል፦ «አቶ ወልደሰንበት፤
ቀን የምድር ባቡር ፍሬን ያዥ፣ ማታ የዐሥር አውታር አባት።»
ወዲያው ደግሞ ይጮሃል፦ «ምንድነው ይኼ ጥዝታ? ማሽኔ ውስጥ ንብ ገባ?»
«እንዝራው ነው» አሉ ሰውዬው፣ ረጋ ብለው፣ እንደ ንስሐ አባ፤
«ከጅማቱ ሥር ያለች ቆዳ ናት፤ እሷ ናት የምታስለቅሰው።
እሷን ካወጣሁ በገናው እንጨት ነው፤ እኔም የባቡር ሰው።»

ዝም አሉ ሁለቱም። በገናው ጀመረ፣
ድንጋይ ለድንጋይ እንደሚያወራ፣ ከሥር እየሰረሰረ።
መሐል ላይ የጅቡቲው ባቡር ጮኸ፣ ረጅም፣ ጎትቶ፤
«ቁም! ይደገም!» አለ ሙሴ፤ ጣታቸው አልቆመም ከቶ።
ፉጨቱን ጠበቁት፤ በወፍራሙ አውታር ተቀበሉት፤
ፋኖስ እንዳወዛወዘ ሰው፣ መንገድ ሰጥተው አሳለፉት።

ሦስተኛው፣
ስም የሌለው፣
ደቂቃ አይሞላም።

«ሩቂያ! ወተቱን አስቀምጪና ነይ ቁሚ ከዚህ ጋ፤
አንድ ነገር በይ፣ ምንም ይሁን፣ መርፌዬ እንዲረጋ።»
«ምን ልበል?» «የፈለግሽውን።» ሳቅ። የቆርቆሮ ኳኳታ።
ከዚያ የወተት መናጫ ዜማ፣ በጉልበቷ ምታ፣ በዝግታ፤
ግማሹ ኦሮምኛ፣ ግማሹ ሶማሊኛ፣ እንደ ሰፈራችን አፍ፣
ቅል ታቅፈው የሚያባብሉት፣ ቅቤው እንቢ ብሎ ሲያኮርፍ።
በገና የላት፣ ቫዮሊን የላት፣ ደግሞም አልፈለገች፤
ሁለተኛው ስንኝ ላይ ማይኩንም ረሳች።
እኔ ብየዳዬን ረሳሁ፤ ጠረጴዛው ጨሰ፣ ተቃጠለ፤
ዛሬም ጥቁር ነጥቡ አለ።
ስንኙ ሊያርፍ ሲል፣ ትንፋሽ ስባ ለሚቀጥለው፣
«ይበቃል» አለ ሙሴ፤ «መርፌው ደህና ነው።»

ቀጭ።

ቫዮሊኑን ገልብጬ ለጠየቀኝ ሁሉ ሰጠሁ፤
በገናውን ለልጅ ልጃቸው ገንደ ቆሬ ድረስ ወሰድሁ፤
ይቺን ግን ደብቄ፣ ሌሊት ሌሊት፣ እየመለስኩ አዳምጣለሁ፤
በዞረ ቁጥር ቴፑ ይፋቃል፤ እየሰማኋት እንደምፈጃት አውቃለሁ።
የሳበችው ትንፋሽ አልወጣም። እዚያው ነው።
ስንት ዓመቱ ነው?

ትናንት የወተት ሴት መጣች፤ ከደጄ ቆማ
ሊትሩን ስትሞላ፣ በአፍንጫዋ አለች አንዲት ዜማ።
ያችው ትሁን ሌላ አልለየሁም፤ ጆሮዬ አርጅቷል።
«ይበቃሃል?» አለችኝ። ሁለት ሊትር ሞልቷል።
ወተት እንኳ አልጠጣም፤ ጨጓራዬ አይወደውም።
«ቅጂ» አልኳት፤ «ገና ነው፤ አይበቃም።»