ዋጋው ያልተጻፈ

ኮሚቴው አዘዘኝ፦ «ታሪኩን ጻፍልን፣
ለመቶኛው ዓመት መጽሔቱ ይውጣልን፤
ማን እንዳሠራው ጻፍ፣ ማን እንደመረቀው፣
የትኛው ባላባት በወርቅ እንዳደመቀው።»

ዕቃ ቤቱን ከፍቼ አቧራ አራገፍኩ፣
ከሞተ ከበሮ ስር አንድ መዝገብ አተረፍኩ።
ጠርዙን አይጥ ቀምሶታል፣ ጧፍ አንጠብጥቦበታል፣
የመሪጌታ ልሳኑ እጅ ዛሬም ይሄድበታል።

የባላባት ስም የለም። አለ እንጂ፦
«ለሙሴ ስታቭሮ፣ ግንበኛ፣ ሃያ ጠገራ ብር።
ለኖራ። ለኖራው አህያ ገብስ።
ለሠዓሊው ሁለት ብር፤ ሰይጣንን ባለ ሁለት ዓይን
አድርጎ ስለሣለው ሩብ ተቀንሶበት።
ትርንጎ፣ ውሃ ከቀበና፣ በቀን ስምንት እንስራ።»

ሁለት በጋ ሙሉ ትርንጎ፣ ደግሞ ትርንጎ፣
ስሟ ገጹን ይወርዳል፣ ዋጋ የሚል ዓምድ ፈልጎ።

ሣሩን ጧፍ በላው፤ ቆርቆሮ ከለገሃር መጣ፤
ለደወል የሐዲድ ቁራጭ ተሰቀለ፣ የሰረቀው ሳይቀጣ።
በጠላት ዘመን ባዶ ገጽ፤ ከግርጌ በእርሳስ «ዝናብ ገባ»።
በስድሳ ሰባት «የኪራይ ቤቶቹ ተወረሱ»፤
ቀጥሎ፣ በዚያው ቀን፣ «መጥረጊያ፣ ሁለት»።

ከዚያ ወዲህ ያለውን መዝገቡ አያውቅም፤ እኔ ነኝ የማውቀው።
እሪ በከንቱ የሚሉት ሰፈር እሪ ሳይል ተነሣ፤
የንስሐ አባት ቀረ፣ የልጆቹን ስም እያነሣ።

የሴቶች በር ያለበትን ግድግዳ ግን ክረምት በመጣ ቁጥር ያልበዋል፤
ዲያቆን ኅሩይ «ተአምር» ይለዋል፣
መሐንዲሱ «ስርገት ነው» ብሎ ያልፈዋል።
እኔ ገጹን ያነበብኩ፣ በመዳፌ ዳሰስኩ፣
ሒሳቡን ሊጠይቅ የተመለሰ ውሃ ነው ብዬ አሰብኩ።

ይህንንም ጻፍኩ።
ኮሚቴው ረቂቁን አይቶ «ውሃ ቀጂዋ ትውጣ» አለ፤
በእሷ ቦታ ፎቶ ያለው አንድ ባላባት ተከለ።

እሁድ፣ ገና ሳይነጋ ተነሥታ፣
ከኮዬ ፈጬ በሁለት አውቶቡስ የደረሰች ሴት
ሐዲዱ ሲደወል በበሯ ገባች።
በዚህ ሰፈር ተወልዳ፣ እዚሁ ክርስትና ተነሥታ፣ እዚሁ ተድራለች፤
ቤቷ የነበረበት ቦታ አሁን የብስክሌት መንገድ ነው።
መጽሔቱን ሰጧት፤ ለወንበር መጥረጊያ አደረገችው።
ቀና ብትል ግንቡ አልቦታል።
በነጠላዋ ጫፍ፣ ያተኮሰው ልጅ ግንባር እንደሚጠረግ፣
ቀስ አድርጋ ጠረገችው።
ጨርቁን ሳትጨምቅ ለበሰችው።