ወራጅ አለ

ከሌሊቱ ዘጠኝ፤ ቤሌም በዝናብ ናት፣
ይቺ የጡት ማለቢያ እንቅልፍም አይነካት።
«ስጪ፣ ስጪ፣ ስጪ» ትላለች በሞተር፣
አራጣ አበዳሪ ደጅ ላይ እንደሚያድር።
ምን ልስጣት?
በሦስት ቀን ሃያ አራት ጊዜ ታልቤ፣
ከጠርሙሱ ሥር ላይ ያየሁት ቀርቤ
ቢጫ ጠብታ ነው፤ ሻይ ማንኪያ አይሞላም።
ላም አለኝ በሰማይ፤ እዚህ እኔው ነኝ ላም።

ቤሌም ቤተልሔም ናት፣ ግርግሟ መስታወት፤
ቤንቶ እዚያ ተኝቷል፤ በአሥራ ሦስት ሳምንት
ቀድሞ የመጣ እንግዳ፣ ዘጠኝ መቶ ግራም፣
አፍንጫው ላይ ቱቦ፤ መጥባትም አይችልም፣
ማልቀስም አይችልም።

ነርሷ ሉዚኔት ግን ጠብታዬን አየች፤
አልሳቀችም። በጥጥ ከንፈሩን ቀባች።
«ወርቅ ነው» አለችኝ። የዋሸች መሰለኝ።

ሆዱን የያዘችለት የሌላ ሴት ወተት፣
እሳት አጥፊው ቫልዲር በበረዶ ያመጣት።
የሴትዮዋን ስም አልነገሩኝም፤ ክዳኑ ላይ ያለው
ቀንና ሰዓት ነው። እመርቃታለሁ፤
እቀናባታለሁ።

በዘጠነኛው ቀን፣ አውቶብስ ውስጥ ቆሜ፣
የማለቢያን ቦርሳ በትከሻ ተሸክሜ፣
ከኋላዬ አንድ ሕፃን እሪ ብሎ አለቀሰ።
ደረቴ ጠብ አለ፣ ሸሚዜ ራሰ።
የኔው ዝም ብሎ፣ የሰው ልጅ ጠርቶልኝ!
ሁለት ፌርማታ ሲቀር «ወራጅ አለ» አልኩኝ።
ዝናቡ ጀምሯል፤ ጡቴን በክንዴ አቅፌ
እሮጣለሁ፣ እንዳይፈስ፣ ጎርፉን አልፌ።