እንቅልፍ በተውሶ

ቫርዶ ላይ ፀሐይዋ ኅዳር ላይ ትሄዳለች፤
ደጅ ቢጠኗትም ጥርን ትጠብቃለች።
ያን ጊዜ ነው እኔ ሌሊት የምውለው፤
“ሌሊት” ማለት ትርፍ ነው፣ ቀኑም ያው ጥቁር ነው።

ክፍል ሰባት ኦድቫር፣ ዘጠና አንድ ዓመቱ፣
የመረብ ገመድ ያረሰው እንደ ማሳ ጣቱ።
ልቡ ደክሞበታል፣ ኪኒኑን ይውጣል፤
መብራት ሳጠፋበት ግን ዓይኑ ይፈጣል።
ከትራሱ በታች አንድ ደብተር አለው፣
ጠርዙ በዓሣ ዘይት ቢጫ የሆነው፤
ሐኪም ያላየው፣ ለእኔ ብቻ የሚነበብ፣
ከላዩ “ዕድሜ ማርዘሚያ” ይላል፣ “ልዩ ልዩ ሐሳብ”።

“ቱርዲስ፣ ጻፊ” ይላል፣ እጁ ስለሚንቀጠቀጥ።
“አንደኛ፦ አልጋ ይወዝወዝ፣ እንደ ጀልባ ይናጥ።
ሰው ቀጥ ባለ አልጋ መተኛት አልተማረም፤
ማሕፀንም ውሃ ነው፣ ጸጥ ብሎ አይቆምም።”
ከአንዱ እግር ሥር ፎጣ ጠቅልዬ ከተትኩ፤
ሲገላበጥ አልጋው ተንጓጓ፣ ከት ብዬ ሳቅኩ።
ጠዋት ዋና ነርሷ ፎጣውን አወጣች፣
ምንም አልጠየቀች፣ ብቻ አየት አረገች።

“ሁለተኛ፦ ድቡ በምን ይበልጠናል?
ጨለማውን ተኝቶ ብርሃኑን ይበላል።
ልብ ስትፈጠር ምቷ ከተቆጠረላት፣
ለምን በማይነጋ ቀን በከንቱ እናባክናት?
ግማሹ መንደር ይተኛ፣ ግማሹ እሳት ይጠብቅ፤
ገና ሲደርስ ደግሞ ተረኛው ይነቅነቅ።
መቶ አምሳ እንኖራለን፣ ባይሆን መቶ ሠላሳ።”
“የቤት ኪራዩንስ?” አልኩት።
“እሱ ይረሳ።”

ሦስተኛውን ሰርዞታል። ጨው ነበረበት፣
የሐምሌ ብርሃን፣ ማሰሮ፣ ምድር ቤት።

“አራተኛ፦ ሕፃን ያለ ልክ ይተኛል፣
ሽማግሌ ደግሞ ጣሪያ ሲቆጥር ያድራል።
ይበደረው! ባንክ ይከፈት፣ የእንቅልፍ ማስቀመጫ፣
ከዓሣ መጋዘኑ ጎን፣ ከወደቡ መውጫ።”
“ወለዱስ?” አልኩት።
ዝም አለ። ነፋስ መስኮቱን ታገለው።
“ወለዱ” አለኝ ቆይቶ፣ “ወለዱ ሕልም ነው።”

አንድ ቀን ከሌሊቱ ዘጠኝ ላይ ደወለ።
ደብተሩ ተዘግቷል። “ቱርዲስ፣ ቁጭ በይ” አለ።
“ታላቅ ወንድም ነበረኝ፣ ሃልቫር የሚባል፤
ተራዬ ደርሶ ሳለ ‘ተኛ’ አለኝ፣ ‘ይቻላል፤
አንድ ሰዓት ጨምሬ እኔ እይዛለሁ መሪ።’
ተኛሁ። ሃያ ዓመቴ ነበር፣ ባሕርን የማልፈራ መሪ።
ስነቃ መሪው ብቻውን ወዲያ ወዲህ ይዞራል፣
ባሕሩ ምንም እንዳልሠራ ሰው ወደ ሌላ ያያል።
ያቺ ሰዓት እኔ ዘንድ ናት፣ ሰባ አንድ ዓመት ሆናት።
ጣፋጭ እንቅልፍ ነበረች። ይኸው ነው የማልረሳላት።
መቶ ሃያ ልኑር የምለው ሞት ፈርቼ እንዳይመስልሽ፤
ከፍዬ ልሂድ ብዬ ነው። ለማን እንደሆን ንገሪኝ፣ እባክሽ።”

መልስ አልነበረኝም። ወንበሩን አስጠጋሁ።
“ተኛ” አልኩት፣ “አንድ ሰዓት። ተራህን ይዣለሁ።”
አፉ ተከፈተ፣ ትንፋሹ ረዘመ፤
የማይታይ ገመድ ይዞ የኖረ እጁ ላላና ተጋደመ።
ክፍል ሁለት ደወለ፣ አልሄድኩም። ክፍል አሥርም።
ሦስተኛው ሲጮህ ግን ተነሣሁ፣ አልቻልኩም።

ጠዋት (ጠዋት ከተባለ) ሻይ ሳመጣ ነቅቷል፣
ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት ያያል።
“አርባ ደቂቃ ነው የያዝሽልኝ። ቆጥሬያለሁ።”
“ተኝተህ ነበር እኮ!”
“ተኝቼም እቆጥራለሁ።”
ከዚያ በራሱ እጅ፣ ፊደሉ እየወደቀ፣ “አምስተኛ፦ ሌላ ሰው ይንቃ።”
ከሥሩ መስመር ሰመረና፣ “ቀሪ፦ ሃያ ደቂቃ።”

ጥር ላይ ፀሐይዋ ብቅ አለች፣ አንድ ጥቅሻ ያህል፤
የትምህርት ቤት ልጆች በረዶው ላይ ጮኹ እልል።
ክፍል ሰባት አሁን አንዲት ሴት አለች፣ ዳሌዋ የተሰበረ፤
ደብተሩን የጠየቀ ዘመድ አልነበረ።
ሃያዋ ደቂቃ ግን እኔ ዘንድ ቀርታለች።
ቀን ቀን ስተኛ
ወለዷን ትልካለች።