የቁራ መልክተኛ

አባቴ ከሞተ አሥረኛው ቀን ሆነ፤
የሙዝ ቅጠል ተነጠፈ፣ ሩዝ ተድቦለቦለ፣ ጥቁር ሰሊጥ ተበተነ።
ከክሪሽና ወንዝ ዳር፣ ከደረጃው ድንጋይ፣
ሃምሳ ሰው ቆመናል፣ አንገታችን ሁሉ ተሰቅሎ ወደ ላይ።
የምንጠብቀው ቁራ ነው።

ሥርዓቱ እንዲህ ይላል፦ ቁራ ከቀመሰ
ሟች ምኞቱ ሞልቶ ካገሩ ደረሰ።
ቁራ ከቀረ ግን አንድ ነገር አለ፣
ከሆዱ ሳይወጣ ተዳፍኖ የዋለ።

አባቴ መምህር ዳጋዱ፤ ድንጋይ ማለት ነው በቋንቋችን፤
ሦስት ልጅ ሞቶባት፣ ሞት እንዲንቀው ብላ ያወጣችለት አያታችን፤
ሠላሳ አራት ዓመት ሳይንስ ያስተማረ፣
በገበያ ቀን፣ ሸንኮራ ከሚራገፍበት፣ የቆርቆሮ ሳጥኑን ከፍቶ የሚያሳይ ነበረ፦
ኮኮናት ያለ ክብሪት እንዴት እንደሚነድ፣
ከባዶ መዳፍ ላይ እንዴት እንደሚወርድ
የቅዱሳኑ አመድ፣
የእርድ ውኃ ኖራ ሲነካው እንዴት ደም እንደሚመስል።
ከዚያም ሕፃናቱን ጠርቶ፣ "እናንተም ሞክሩት፣ እኔንም አትመኑኝ" ሲል
ትልልቆቹ ይስቃሉ፤ ማታ ግን ቤታችን ላይ ድንጋይ ይወረወራል።
እሱ ጧት ተነሥቶ ይለቅማል፣ ይቆጥራል፣
"ትናንት ማታ አሥራ አንድ ሞክሼ መጣልኝ" ይላል።

ኑዛዜው አጭር ነው፦ "ሥጋዬን ለሐኪም ተማሪዎች፣
መነጽሬን ለልብስ ሰፊው ለቲፓና። ጸሎት ይቅር፣ ይቅሩ ቁራዎች።
ቁራ የሚመጣው ርቦት ነው፤ የእኔን ጉዳይ ማን ነገረው?"

ሥጋውን አስረከብሁ፣ ስድብ እየጠጣሁ።
በሩዙ ግን፣ አጎቴ ቢያለቅስብኝ፣ ተረታሁ።

ፀሐይ ከፍ አለች። ሩዙ ደረቀ፣ ዝንብ ወረሰው።
የቁራ መልክተኛ ሄዶ ነው የሚቀር፤ ይኼኛው ሳይመጣ ቀረ።
ሹክሹክታ ተጀመረ፦
"ዕዳ ይኖርበት ይሆን?" "አማልክቱን ስለ ደፈረ!"

አጎቴ ራምባው እጁን አጣምሮ ለሩዙ ይምላል፦
"ወንድሜ፣ ጣራህን አስከድናለሁ!" ሰማዩ ዝም ይላል።
"ሳጉናን እድራለሁ፣ በከበሮ፣ በወርቅ!"
ዝም። (እኔ ሠላሳ ሰባት ዓመቴ ነው፤ ስላልሰማው ሰማዩን ልመርቅ።)
"ለቤተ መቅደሱ ደወል!"
ዝም።

አባቴ፣ "ለምን?" ከማለትሽ በፊት ቀና ብለሽ እዪ ይለኝ ነበር።
ቀና አልሁ። ከወርካው ጫፍ ጭልፊት ተቀምጧል፣ እንደ ዳኛ በወንበር።
ቁራዎቹ ማዶ፣ ከስኳር ፋብሪካው ጣራ ላይ ተኮልኩለው፣
አንዴ ሩዙን ያያሉ፣ አንዴ እሱን፣ አንገታቸውን ቀብረው።
ድንጋይ አነሣሁ።
አባቴን አነሣሁ።

ልክ ስወረውር፣ አጎቴ፣ ድምፁ ተሰብሮ፣
"የንባብ ክፍልህን ቁልፍ የደበቅሁት እኔ ነኝ! እከፍተዋለሁ፣ ይቅር በለኝ!" አለ።
ጭልፊቱ በረረ። ሰማዩ ጠቆረ፤
ከቅጠሉ ላይ አንዲት ፍሬ ሩዝ አልቀረ።
"ሰማ! ሰማው!" ሆነ፤ ሴቱ አለቀሰ፣ ወንዱ ተንበረከከ፣ "ተመስገን" ተባለ፤
ሁሉም ያየው ሩዙን፤ እጄን ያየ የለ።

ልናገር አፌን ከፈትሁ። አጎቴ ከወገቡ
ቁልፉን ሲፈታ አየሁት፣ እየተንቀጠቀጠ ጣቱ።
አፌን ዘጋሁት።
አባዬ፣ አንተ ብትሆን አትዘጋውም ነበር።

ማታ በደብተሩ ላይ ጻፍሁ፦ "ጭልፊት ሄደ፤ ቁራ መጣ። አንድ ጊዜ።"
ከኅዳጉ የራሱ የእጅ ጽሑፍ አለ፦ "አንድ ጊዜ ማስረጃ አይደለም።"
በማግሥቱ፣ ማንም ባልሞተበት ጧት፣ ሩዝ ይዤ ወረድሁ፤
ወርካው ባዶ ነው። መጡ፣ በሉ። "ሁለት" ብዬ ጻፍሁ።
አንዱ ግን፣ ክንፉ የተላጠው፣ ሳይቀምስ ቆሞ
አየኝ፣ ለረጅም ጊዜ፣ አንገቱን አጣሞ።
እሱንም ጻፍሁት።