ሁለት ሜትር ተኩል አቡጀዲ

«ስንት ሜትር?» አለኝ፣ ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ፤
«ሁለት ተኩል፣ ወርደ ሰፊውን» ስለው ዐይኑን ሰብሮ ዝም አለ።
«ማን ዐርፎባችሁ ነው?» አለ ቀስ ብሎ ባለሱቁ፤
እግዜር ያጥናችሁ ሊለኝ ነው፣ ገና ሳይቀደድ ጨርቁ።
«ኧረ ማንም አልሞተ፣ ፊልም ላይበት ነው» ብዬ ሣቅሁ።
እሱም ሣቀ፣ ግን ግማሹን፤
በጥርሱ ጀምሮለት፣ ጠርርር አርጎ ቀደደው ነጩን።
«ለሞተም ላለም ዋጋው ያው ነው» አለ፣
መልሱን እየቆጠረ።

ፕሮጀክተሩ ከተዘጋ የሠርግ አዳራሽ ነው፣ ክዳኑ የተሰነጠቀ፣
ማራገቢያው እንደ ክረምት ሽማግሌ እየሳለ የዘለቀ።
እንዲሁ ግድግዳው ላይ ባበራው፣ የቱሉ ዲምቱ ልስን ነው፣
ያየነውን ቆንጆ ሁሉ በፈንጣጣ ጨረሰው።
ሸራ ልግዛ ብል፣ የተሠራው ዋጋው ሰማይ፣
የኔ ደመወዝ ደግሞ አይዘልቅም ከወሩ አጋማሽ በላይ።

እንጨቱን ጎንፋ ሰጠኝ፣ ምድር ቤት ያለው አናጢ፤
ከአርማታ የተረፈ ሞራሌ፣ ባለቤቱ ጠጅ፣ እሱ ሲሚንቶ ጠጪ።
አራት ፎቅ ተሸክመን ወጣን፤ በየመታጠፊያው ግድግዳ እየፋቅን፣
በየበሩ ይቅርታ እየጠየቅን።
ሁለት ሜትር በአንድ ከአሥራ ሦስት። ከጥግ ጥግ ሰያፉን ስንለካው
አንዱ በሁለት ጣት በለጠ።
«ቤቱም እንዲሁ ነው» አለ ጎንፋ፣ በመዶሻ እየነካካው፤
«ማዕዘኑ የቀና ቤት እዚህ ሰፈር አላየሁም፣
ሰው ግን ይኖርበታል።»

እናቴ ካውያ አሞቀች። ጨርቁን በመዳፏ ዳሰሰችው፣
ስሙን አልጠራችም፤ ውሃ አርከፍክፋ ተኮሰችው።
የግራው የላይ ጥግ ሲቀር
መብራት ሄደ።
ጠበቅን። ነፋሱ ከሜዳው መጣ፣ ጅቡም በሩቅ ጮኸ፤
ካውያው ቀዘቀዘ።
አንዲት እጥፋት ቀረች፣ ከመርካቶ ጥቅል ይዛት የመጣች።

በባትሪ ብርሃን ወጠርነው፣ ከመሃል ጀምረን ወደ ዳር፤
አንዱን ስስብ ጎንፋ ሌላውን፣ በስቴፕለር ጠቅ፣ ጠቅ፣ በተርታ ስናስር።
በማግስቱ ነጭ ቀለም አቅጥኜ፣ ከጥቁሩ አንዲት ጠብታ፤
«ነጭ ላይ ጥቁር?» አለች እናቴ፣ ከኩሽና በር ተጠግታ።
«ጨለማው በደንብ እንዲታይ ነው።»
«እሱስ» አለች፣ «ያለ ቀለምም ይታያል።»

ጠርዙን ጥቁር ማልበስ ነበረብኝ፣ ብርሃኑ እንዳይፈስ ወደ ውጪ፤
ከፋይ ጠየቅሁ፣ ተወደደ።
ማታ ሳጥኗን ከፍታ የሐዘን ቀሚሷን አወጣች፣
የአባቴን።
«አሥራ ዘጠኝ ዓመት አስቀመጥኩት፤
ብል ከሚበላው ያንተ ፊልም ይብላው።»
እኔ መቀስ ይዤ ቆምኩ፤ የቀደደችው እሷ ነች።

ቅዳሜ ሰው መጣ፣ ወንበር ከየቤቱ።
መጀመሪያ ሰማያዊ ሆነ፣ ገመዱ ላልቶ፣ ምንም የለበት፤
የጎንፋ ልጅ ኬና ግን አፏን ከፍታ ቀረች ባየችበት።
«ባሕር ነው?»
«አዎ» አላት ጎንፋ፣ እሱም አይቶት አያውቅ።

ከዚያ የአክስቴ ሠርግ፣ ከካሴት ወደ ፍላሽ የተገለበጠ፤
ዳሱ፣ አቧራው፣ ካሜራ ፊት የሚንጋጋው ልጅ፣ ዘፈኑ የተቆረጠ።
አባቴ የለስላሳ ሣጥን ተሸክሞ በግራ በኩል ገባ፣
ካሜራውን አይቶ ቆመ፣ እንደሚያፍር ሰው።
አርባ አንድ ዓመቱ ነበር። ከዚያ በላይ አልቆጠረም።
እጥፋቷ መጥታ ግንባሩ ላይ ተጋደመች።

ዘልዬ ተነሣሁ፣ ስቴፕሉን ነቅዬ ልወጥረው፤
«ተወው» አለች።
«እስቲ ሽማግሌ ሆኖ ልየው።»

እስከ ዛሬ አልተወጠረም።
ኳስ ስናይ እጥፋቷ ማዕዘን ምት መምቻው ላይ ትውላለች፤
ኳሷ እዚያ ስትደርስ፣ በቀጥታ መሄዱን ትታ፣ ትንሽ ትነጥራለች።
ጎንፋ ይራገማል።
እናቴ ትሥቃለች።