ሃያ ሁለት ደረጃ

ጠባሴ ላይ፣ ከአስፋልቱ ዳር፣ ቢሮዬ ፎቅ ላይ ነው፤
በሩ ላይ «የአካል ጉዳተኞች ምክር» የሚል ተጽፎ አለው፣
ማንበብ የሚሻ ሁሉ ከታች አንጋጦ የሚያየው።
ደረጃው ሃያ ሁለት ነው፤ ውርጭ ሲያድር ያዳልጣል፤
ሁለት እግር ያለው እንኳን ግድግዳ ይዞ ይወጣል።

እኔ ገና ተለማማጅ ነኝ፤ የሁለተኛ ዲግሪ፣
ሦስት ቀን ከመምህር ፊት፣ ሁለት ቀን እዚህ አማካሪ።
«ሐኪም እንዳይሉሽ መርፌ የለሽ፣ ቄስ እንዳይሉሽ መስቀል፤
ታዲያ ምን ሊሆን ነው ይሄ ሁሉ ደብተር የሚቆለል?»
ይላል አባቴ ከደነባ።
«የመልሶ ማቋቋም ምክር» ብለው፣ ስሙ ረዝሞበት፣
ከበግ ገበያ እስከ ደጁ ሲደጋግመው መሸበት።

የመጀመሪያዬ ባለጉዳይ ወንድይፍራው ነበር፤
መጣ ማለት ይከብደኛል፤ ቀረ እንጂ፣ ከደረጃው ሥር።
ከሸዋ ሮቢት ሽንኩርት ጭኖ፣ ጣርማ በርን ሲወጣ፣
ጉሙ ገደሉን ከመንገዱ አንድ አድርጎት ሲመጣ፣
አይሱዙው ተገለበጠ።
ሽንኩርቱ ደብረ ሲና ገባ ይላል፤ እየሳቀ ነው የሚለው፤
እዚያው የቀረው የእሱ ነው፤ ከወገቡ በታች ያለው።

ዘበኛው አጥላባቸው «ልዘለው?» አለኝ። ወንድይፍራው ሰማ፤
«ሽንኩርት ነኝ እንዴ የምጫን» ብሎ ተሽከርካሪ ወንበሩን አዞረ ወደ ከተማ።

ወረድኩ እኔ።
ከዘበኛው ከሰል አጠገብ፣ የለስላሳ ሣጥን ደፍቼ፣
ብዕሬ በብርዱ እንቢ ሲል፣ በትንፋሼ አሙቄ አግባብቼ፣
«የጉዳት ዓይነት?» አልኩት። «መጠን?» «ማድረግ የማይችሉት?»
መለሰልኝ አንድ በአንድ።
ቅጹ ሲሞላ፣ ሰውዬው ጎደለበት።

ዝም አልን። መምህሬ «ዝምታን አትፍሩ» ብላናለች፤
እኔ ፈራሁ። በፊታችን ባጃጅ አለፈች፣ እያነከሰች።
ጆሮውን ወደ ድምፁ ጣል አድርጎ፣
«ካንዴላዋ ነው» አለ፤ «እሑድን አታይም።»
ሌላ አለፈች። «ይህቺ ፍሪሲዮን።»
ከዚያ አንድ ከባድ መኪና፣ ዳገቱን እያቃሰተ ሲመጣ፣
እንደ ሐኪም ዓይኑን ጨፍኖ፣ ቆይቶ ድምፁን አወጣ፦
«ይሄ ደህና ነው። የደከመው ሾፌሩ ነው።»

ቅጹን ገለበጥኩት። ጀርባው ንጹሕ ነበር፤ ጥያቄ አልታተመበትም።
እዚያ ላይ ጻፍኩ፤ እሱ ሲናገር እኔ ስጽፍ፣ ከሰሉ አመድ እስኪሆን ድረስ።

በሁለተኛው ሳምንት ጋራዥ ለጋራዥ ዞርኩ።
አንዱ ከንፈሩን መጠጠና መቶ ብር ዘረጋ፤
«ሥራ ነው የጠየቅኩት» ብል፣ በግርምት ዓይኑ ፈጠጠ።
አንዱ፣ «መፍቻ ወድቆ ቢጎዳውስ?» አለኝ። መልስ አጣሁ፤
ማታ አልጋዬ ላይ ሆኜ መጣልኝ፣ ዋጥኩት።
ከብርድ ልብስ ፋብሪካው ጀርባ፣ ባሏ ትቶላት በሞተው፣
ወይዘሮ አልጋነሽ «ይስማ እስቲ» አለች፤ ሦስት ሞተር ነው ያስነሳችለት።
ሁለቱን ለየ። ሦስተኛውን ሳተ።
«እኔም ስቼዋለሁ፤ አንድ ወር ሆነው» አለች፣ እጇን በጨርቅ እየጠረገች።
«ሐሙስ ይጀምር። ደመወዙን… እናያለን።»
እናያለን የሚለውን ቃል ወንድይፍራው እንደ ሞተር አዳመጠው፤
ምን እንደሰማበት ግን አልነገረኝም።

ቢሮው ወደ ምድር ቤት ይውረድልን ብዬ ደብዳቤ ጻፍኩ ለኃላፊው።
ደብዳቤው ፎቅ ላይ ነው፤ አልወረደም።
ሪፖርቴ ላይ መምህሬ በቀይ አሰመረች፦
«ምክሩ የቱ ጋ ነው?»
እሷንም አንድ ቀን ከሣጥኑ ላይ ላስቀምጣት ይሆናል።

ዛሬ ጠዋት፣ ውርጩ መስኮቴን ነጭ እንዳለበሰው፣
አባቴ ደወለ። ሰው ጠይቆት ይሆናል፤ የሚመልሰው ያጣ ሰው።
«ልጄ፣ አሁንስ ደረጃሽ ስንት ደረሰ?»
«ሃያ ሁለት» አልኩት።
«ኧረ! ይሄን ያህል ወደ ላይ?»
«አይ አባዬ» አልኩት፣ ጫማዬን እያሰርኩ፣
«ወደ ታች።»