ብድር በውሃ

አጎቴ ኦዲሎን፣ የሳልቶው ሰዓት ጠጋኝ፣
ሲሞት አርባ አንድ ደብተር ነው የተወልኝ።
ባለመስመር፣ የተማሪ፣
በየገጹ ቀን፣ ሰዓት፣ ምንዛሪ፤
በግራ የኡሩጓይ፣ በቀኝ የአርጀንቲና፤
ሁለቱም ፔሶ ነው የሚባሉት፣ ስማቸው አንድ ነውና፤
ሞክሼዎች፣
በአንድ ወንዝ ዳርና ዳር የሚቀናኑ ጎረቤቶች።

ነገሩ የመጣው በሹራብ መኪና ነው።
እናቴ ዙልማ፣ ማዶ ኮንኮርዲያ ተድራ፣
በሰው መኪና ሳይሆን በራሷ ልትሠራ፣
በጀልባ መጥታ፣ "አበድረኝ፣ ለገና እመልሳለሁ" አለች።
ቆጥሮ ሰጣት፤ ቆጥራ ወሰደች።
በየትኛው ፔሶ እንደምትመልስ
እሱም አልጠየቀ፣ እሷም አልተናገረች።

ገና ደረሰ። የማዶውን ገንዘብ በመሀረብ ቋጥራ መጣች።
"ይጎድላል" አላት፤ "የሰጠሁሽ በኛ ነው።"
"አይጎድልም" አለች፤ "መኪናው የተገዛው በነሱ ነው።"
"ያን ቀን ስንት ነበር?"
"ዛሬስ ስንት ነው?"
የጻፈ አልነበረም።
መሀረቡን መልሳ ቋጠረች።
በማግስቱ አጎቴ የመጀመሪያውን ደብተር ገዛ።

ሰው "ብድር በምድር" ይላል፤
የነሱ ግን ውሃ ላይ ቀረ፣
ጉም ሲመጣ እየጠፋ፣ ፀሐይ ስትወጣ እየተቆጠረ።
ማለዳ ራዲዮኑን ይከፍታል፣ ጆሮውን አስጠግቶ፣
ትርታውን እንደ ታመመ ሰዓት አዳምጦ፤
ራዲዮኑ ከዘጋው ወደብ ይወርድና
ባለጀልባውን ኤውስታኪዮን ቆሞ ይጠብቃል።
"ማዶ ዛሬ ስንት ዋለ?" ይለዋል።
"እንዴት ዋለች?" ብሎት አያውቅም።

ኅዳጉ ላይ፣ በእርሳስ፦
ጉም ነው። ጀልባ የለም። የትናንቱን ደግሜያለሁ።
የማዶው ወረደ። ላም የነበረው ዕዳዋ ጥጃ ሆነ።
ጥጃው ዶሮ ሆነ።
ዛሬ እንቁላል።
የኛም ወረደ፤ እንቁላሉ ለሦስት ቀን ዶሮ መሰለኝ።

ዐሥራ ዘጠነኛው ደብተር ጎርፍ ገብቶበታል፤
የስድስት ሳምንት ቁጥር አንድ ላይ ተጣብቆ
አንድ ወፍራም ሰማያዊ ቀን ሆኗል።

ከዚያ ደግሞ ዜሮ መቁረጥ መጣ።
ማዶ ሁለት ቆረጡ፣ ከርመው አራት፣
ከርመው ሦስት፣ ደግሞ አራት፤
ወዲህ ሦስት፣ ኋላም ሦስት።
በቀይ ቀለም እንዲህ ይላል፦ ጥፍር እንኳ ሲቆረጥ
ቀጭ ይላል። ዜሮ ድምፅ የለውም።

እኔ በተራዬ ወዲህ ተዳርኩ።
ስለ እናቴ አንድም ቀን አልጠየቀኝም፤
ማዶ ደርሼ ስመለስ ግን
የሥጋ ዋጋ፣ የክር ዋጋ፣ የመድኃኒት ዋጋ እያለ
ያናዝዘኛል።

ከቀብሩ በኋላ ቁጭ ብዬ አሰላሁት፣
ዐሥራ ሦስት ዜሮ ከዚያ፣ ስድስት ከዚህ ጥዬ፤
የተረፈው ዕዳ
የመርፌ ቀዳዳ አይሞላም።

ደብተሮቹን በግድቡ መንገድ ወሰድኩላት።
ሰማንያ ስምንት ዓመቷ ነው፤ ዐይኗ ደክሟል፤
ገጹን በጣቷ ዳበሰች፣ የብዕሩን ጭረት ተከተለች፣
"ይህን ሁሉ ቀን?" ብቻ አለች።
ከቁም ሣጥኑ ሥር ሹራብ አወጣች፤
አመድማ፣ የጎረምሳ ልክ፣ ብብቱን ብል የበላው፣
መኪናው መጀመሪያ የሠራው።
"ልልክለት ነበር" አለች፤ "ይመነዝረዋል ብዬ ተውኩት።"

አመሻሽ ላይ፣ ኬላው ጋ፣ ጢሙ ገና ያልጠና ልጅ
ቦርሳዬን ከፈተ፤ ሹራቡን በሁለት ጣት አነሳ፤
"የማነው?"
"የአጎቴ።"
"ዋጋው ስንት ነው?"
ከኋላዬ ብርቱካን የጫነ መኪና ጡሩምባ ይነፋል።
"በየትኛው ቀን?" አልኩት።